የአሮጌ ትራክተር ዕድሜና የፋብሪካ አካላቱ እንዴት ይለያሉ?

መግቢያ

በየእርሻው ከሚሠሩት ትራክተሮች መካከል ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገሉ ዛሬም ይገኛሉ። ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል፤ ሞተራቸው ተለውጧል፤ ቀለማቸው ደጋግሞ ተቀብቷል፤ የአንዱ አካል ተፈትቶ በሌላው ላይ ተገጥሟል። ከዚህም የተነሣ ባለንብረቱ ራሱ ትራክተሩ መቼና የት እንደተሠራ፣ የትኛው አካል ከፋብሪካ እንደመጣ፣ የትኛውም በኋላ እንደተተካ በትክክል ለመናገር ይቸገራል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አሮጌ ትራክተር ለሚገዙ፣ ለሚጠግኑና መለዋወጫ ለሚያዙ ገበሬዎችና መካኒኮች ነው። ምሳሌ አድርገን የወሰድነው በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀውን ማሴ ፈርጉሰንን ነው፤ አልፎ አልፎም ቤላሩስን እንጠቅሳለን። ዘዴው ግን ለማንኛውም ትራክተር ያገለግላል። ዋናው መልእክታችን አንድ ነው፤ ይኸውም የአንድ ትራክተር ዕድሜ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ አይወሰንም የሚል ነው። ሰሌዳው፣ ሞተሩና ብረቱ ራሱ በየተራ መጠየቅ አለባቸው። ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) የሆኑት ለብቻቸው ተገልጸዋል።

1. ዕድሜውን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

ጥቅሙን ከራሳችን ስሕተት ብንጀምር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የስንዴ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ የማሴ ፈርጉሰን 165 ትራክተራቸው ዘይት እያቃጠለ ኃይል አንሶት አማከሩን። ትራክተሩ የእርሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻቸውንም መሬት በኪራይ የሚያርስ ነበር። እኛም የሰሌዳውን ቁጥር በስልክ ጠይቀን፣ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምርት ስለሚያመለክት፣ ለዚያ ዘመን ሞተር የሚሆን ሙሉ የፒስተን ዕቃ እንዲገዙ ነገርናቸው።

ዕቃው መጣ፤ ቴስታው ተከፈተ፤ ፒስተኑ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተንገዋለለ። የተገዛው ፒስተን የ91.4 ሚ.ሜ. ሲሊንደር ሲሆን፣ የተከፈተው ሞተር ግን 98.4 ሚ.ሜ. ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ተለውጦ ኖሯል። ሻጩ ዕቃውን መልሶ ስላልተቀበለ ገበሬው ሁለተኛ ገንዘብ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ትክክለኛው ዕቃ እስኪገኝም ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚያ ሦስት ሳምንት ዝናቡ አልጠበቀም። ትራክተሩን ተስፋ ያደረጉት ጎረቤቶች ከፊሎቹ በሬ ተለማምነው አረሱ፤ ከፊሎቹም ዘግይተው ዘሩ። ገበሬው በጨዋነት የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰሌዳውን ካነበባችሁ ዘንድ የሞተሩንስ ቁጥር ለምን አላስነበባችሁኝም አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚህ እንደምንረዳው የትራክተርን ዕድሜና አካላት ለይቶ ማወቅ፦

ሀ) ትክክለኛውን መለዋወጫ በመጀመሪያው ትእዛዝ ለማግኘት፤
ለ) በግዥ ጊዜ ተገቢውን ዋጋ ለመተመን፤
ሐ) የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ለማረጋገጥ፤
መ) አላግባብ የተተካ አካል አደጋ እንዳያደርስ ለመከላከል ይጠቅማል።

2. ለምርመራው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት ናፍጣ፣ ጠመኔ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ቢገኝም ካሊፐር ይበቃል።

ቁጥር ያለበትን ቦታ በመጀመሪያ በናፍጣ አርሶ ጥቂት ጊዜ መቆየት፣ ከዚያም በብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። በሞረድ ወይም በመሞረጃ ማሽን መፋቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ቁጥሩ ከጠፋ የትራክተሩ ታሪክ አብሮ ይጠፋል፤ በተጨማሪም ሆን ተብሎ የጠፋ መስሎ ባለንብረቱን በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ ጠመኔ ቀብቶ ላዩን በጨርቅ ሲጠርጉት ጠመኔው በጎድጓዳው ውስጥ ቀርቶ አኃዞቹን ያሳያል። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ማሸትም ይረዳል። የተነበበው ሁሉ በዚያው ቅጽበት በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በቃል የተያዘ ቁጥር ይዛባል።

3. የመጀመሪያው ምስክር፦ መልኩና ሞዴሉ

ገና ከሩቅ የትራክተሩ ቅርጽ ዘመኑን በግምት ይናገራል።

ግራጫው ፈርጉሰን፦ ቲ.ኢ.20 በመባል የሚታወቀው ትንሹ ግራጫ ትራክተር ከ1946 እስከ 1956 ድረስ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ተሠራ። ከ500,000 በላይ ተመርቷል። መጀመሪያ በቤንዚን ይሠራ የነበረ ሲሆን የናፍጣው ዓይነት የወጣው በ1951 ነው። ማረሻውን በሦስት ነጥብ አያይዞ በሃይድሮሊክ የማንሣት ዘዴ በዓለም ላይ የተስፋፋው በዚህ ትራክተር አማካይነት ነው።

35፦ በ1956 ሲወጣ ቆርቆሮው ግራጫ፣ ሞተሩ ወርቃማ ቀለም ነበረው። የፈርጉሰን ድርጅት ከማሴ ሃሪስ ጋር የተቀላቀለው በ1953 ሲሆን፣ ከ1957 መጨረሻ ጀምሮ 35 ቆርቆሮው ቀይ ሆኖ ማሴ ፈርጉሰን በሚል ስም ወጣ። የ35 ኮፈን ግንባሩ ክብ ነው። የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ዓይነቶች ባለ አራት ሲሊንደር ስታንዳርድ ሞተር ነበራቸው፤ ከ1959 መጨረሻ ወዲህ ግን ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ተገጠመላቸው። ስለዚህ የ35ን ዘመን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ኖዝሎቹን መቁጠር ነው። አራት ከሆኑ ከቀድሞዎቹ፣ ሦስት ከሆኑ ከኋለኞቹ ወገን ነው፤ ሞተሩ ካልተለወጠ ማለት ነው።

135 እና 165፦ በ1964 መጨረሻ ወጡ። ኮፈናቸው እንደ ሳጥን ማዕዘን ያለው በመሆኑ ከ35 በቀላሉ ይለያሉ። በቀድሞው 135 ላይ የፊት አክስሉ ከመሐል ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ በእንግሊዝ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በወጡት ላይ ግን ቀጥ ያለ አክስል ይታያል።

ቤላሩስ፦ ሚንስክ ከተማ ላይ በ1946 በተቋቋመው ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ኤም.ቲ.ዜድ.50 የ1960ዎቹ፣ ኤም.ቲ.ዜድ.80 ደግሞ ከ1974 ወዲህ የመጣ ሞዴል ነው። 82 የሚባለው በአራት ጎማ የሚነዳው ዓይነት ነው። በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ የተቋቋመው የትራክተር ፋብሪካ ቤላሩስን ይገጣጥም ነበር። በአገር ውስጥ በተገጣጠመ ትራክተር ላይ የሞተሩና የሌሎች አካላት መሠሪያ ቀን ከመገጣጠሚያው ቀን ቀድሞ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ማሴ ፈርጉሰንን የሚመስል ሁሉ በእንግሊዝ የተሠራ አይደለም። በዩጎዝላቪያ አይ.ኤም.ቲ.፣ በህንድ ታፌ የተባሉት ድርጅቶች በፈቃድ ተመሳሳይ ትራክተሮችን ሠርተዋል። ብዙ አካላት ቢመሳሰሉም ሁሉም አይወራረሱም። ስለዚህ ከሞዴሉ ስም ጋር የተሠራበት አገር ይመዝገብ።

4. ሁለተኛው ምስክር፦ የፋብሪካ ቁጥር ሰሌዳ

በማሴ ፈርጉሰን ላይ ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ባለው የጌጆች መደብ አካባቢ ተለጥፎ ይገኛል። የሞዴሉንና የትራክተሩን ተከታታይ ቁጥር ይዟል። በሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተብሎ የሚመዘገበው ይኸው ነው። ፋብሪካው በየዓመቱ መጀመሪያ የደረሰበትን ቁጥር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስላወጣ፣ ቁጥሩን ይዞ ከሠንጠረዡ ጋር በማመሳከር ዓመቱን ማወቅ ይቻላል። ለምሳሌ በእንግሊዝ የተሠራው 135 ቁጥሩ በ1971 ከ400001 እንደ አዲስ ተጀምሯል። ስለዚህ ቁጥሩ በ4 የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ከሆነ ትራክተሩ ከ1971 በፊት ሊሠራ አይችልም።

ሆኖም ሰሌዳ ቆርቆሮ ነው፤ ከአንዱ ተነቅሎ በሌላው ላይ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉት ይታዩ፦

ሀ) ሰሌዳው የተያዘው በፋብሪካ ሪቬት ነው ወይስ በኋላ በገባ ብሎን?
ለ) በሰሌዳው ዙሪያ ሌላ ትርፍ ቀዳዳ ይታያል?
ሐ) አኃዞቹ በመጠንና በጥልቀት እኩል ናቸው ወይስ በእጅ መዶሻ የተመቱ ይመስላሉ?
መ) ሰሌዳው ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር አብሮ አርጅቷል ወይስ ትናንት የተለጠፈ ይመስላል?

ከእነዚህ አንዱ ስላጠራጠረ ብቻ ሻጩን ሌባ ማለት አይገባም። የጌጆቹ መደብ ሲበላሽ ተለውጦ ሰሌዳው በቅን ልቦና ወደ አዲሱ ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው የሚያዘን የሚቀጥሉትን ምስክሮች ይበልጥ ተጠንቅቀን እንድንመረምር ነው።

5. ሦስተኛው ምስክር፦ የሞተር ቁጥር

ይህ እኛ ያለፍነውና ዋጋ ያስከፈለን ምስክር ነው። በባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ላይ ቁጥሩ በሞተሩ ጎን፣ በነዳጅ ፖምፓው አካባቢ፣ በራሱ በሞተሩ ብረት ላይ ተመትቷል። በሌሎቹ ሞተሮች ላይም በጎን በኩል ለስልሶ የተስተካከለ ትንሽ ቦታ ተፈልጎ ይነበብ።

ከ1974 በፊት በተሠሩት ላይ የቁጥሩ መጀመሪያ የሞተሩን ዓይነት ይገልጻል። ለምሳሌ 152 ብሎ የሚጀምር ከሆነ የባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሞተር ነው። 152 ማለት የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ሲለካ ነው፤ ወደ 2.5 ሊትር ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ዩ የሚለው የላቲን ፊደል በእንግሊዝ መሠራቱን ያመለክታል።

ከ1974 ወዲህ ደግሞ አጻጻፉ ተለወጠ። ቁጥሩ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ሲ.ኢ. ከሆነ የ152 ሞተር ነው። በመሐል አኃዞች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ዓመቱን የሚገልጽ አንድ ፊደል አለ። የፊደሎቹ ትርጉም እንደሚከተለው ነው፦

ኤ 1974፣ ቢ 1975፣ ሲ 1976፣ ዲ 1977፣ ኢ 1978፣ ኤፍ 1979፣
ጂ 1980፣ ኤች 1981፣ ጄ 1982፣ ኬ 1983፣ ኤል 1984፣ ኤም 1985፣
ኤን 1986፣ ፒ 1987።

ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ አይ እና ኦ የተባሉት ፊደላት አልተጠቀሱም። ይህን ዝርዝር ቆርጦ በመሣሪያ ሣጥን ክዳን ላይ መለጠፍ ለመካኒክ ታላቅ እርዳታ ነው።

6. አራተኛው ምስክር፦ በብረቱ ላይ ያለ ምልክት

የሞተር ብሎክ፣ የካምቢዮ ቤትና የኋላ አክስል ቤት የሚሠሩት ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ብረቱ ሲፈስ አብሮት የወጣ ቁጥር ከላዩ ከፍ ብሎ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፤ በኋላ የተመታ ቁጥር ግን ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ከፍ ብለው ከሚታዩት መካከል ረጅሙ አብዛኛውን ጊዜ የአካሉ መለያ ቁጥር ነው። በብዙ ትራክተሮች ላይ ከዚሁ ሌላ የፈሰሰበትን ቀን የሚያሳይ አጭር ምልክት ይገኛል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ለዚህ ምስክር አንድ የማይናወጥ ሕግ አለው። ብረቱ መጀመሪያ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ይሞረዳል፣ በመጨረሻም ይገጣጠማል። ስለዚህ የብረቱ ቀን ከትራክተሩ ቀን ጥቂት ሊቀድም ይችላል እንጂ ሊዘገይ አይችልም። የአንድ አካል ብረት ከሰሌዳው ዓመት በኋላ የፈሰሰ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይ አካሉ ተለውጧል ወይ ሰሌዳው የሌላ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚታመነው የካምቢዮና የኋላ አክስል ቤት ነው። ሞተር ይለወጣል፤ ኮፈንና ፓራፋንጎ ይለወጣል፤ የኋላውን ከባድ ቤት የሚለውጥ ግን ጥቂት ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም ይመሰክራሉ። ሉካስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በዲናሞና በሞተሪኖ አካል ላይ የተሠሩበትን ጊዜ ይመታ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይነግራሉ። ለምሳሌ 66 ቢል 1966 ማለት ነው። እርግጥ ሞተሪኖ በቀላሉ ስለሚለወጥ ብቻውን አያስፈርድም። ከሰሌዳው ጋር ከተስማማ ግን ትራክተሩ ብዙ እንዳልተነካካ ጥሩ ምልክት ነው።

7. መለካት

ቁጥሩ ፈጽሞ ካልተነበበ ወይም ምስክሮቹ ካልተስማሙ መለኪያው ይፈርዳል። ቴስታው ሲወርድ የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋትና ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ጉዞ ይለካ። የተለመዱት የፐርኪንስ ሞተሮች ልክ እንደሚከተለው ነው፦

3.152፦ ስፋት 91.4 ሚ.ሜ.፣ ጉዞ 127 ሚ.ሜ.
4.203፦ ስፋት 91.4 ሚ.ሜ.፣ ጉዞ 127 ሚ.ሜ.
4.212፦ ስፋት 98.4 ሚ.ሜ.፣ ጉዞ 114.3 ሚ.ሜ.
4.236፦ ስፋት 98.4 ሚ.ሜ.፣ ጉዞ 127 ሚ.ሜ.

ከነጥቡ በፊት ያለው አኃዝ የሲሊንደሮቹ ብዛት ነው። በእንግሊዝ የተሠራው 165 በመጀመሪያ 4.203፣ ከ1968 ወዲህ ግን 4.212 ሞተር ተገጥሞለታል። እኛን ያሳሳተን ይኸው ነው። ትራክተሩ ከለውጡ በፊት፣ ሞተሩ ከለውጡ በኋላ የተሠሩ ነበሩ።

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው 4.212 እና 4.236 በስፋት እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በጉዞ ነው። ስለዚህ ስፋቱን ብቻ ለክቶ ማዘዝ ሌላ ስሕተት ያመጣል። በቤላሩስም ዲ.50 እና ዲ.240 የሚባሉት ሞተሮች ስፋታቸው 110፣ ጉዟቸው 125 ሚ.ሜ. ሆኖ አንድ ነው፤ ዲ.240 ግን በበለጠ ፍጥነት እየዞረ የበለጠ ኃይል የሚሰጥ ነው። በዚህ ጊዜ መለኪያው ስለማይለያቸው ወደ ሞተር ቁጥሩ መመለስ ያሻል። ሲሊንደሩ ያረጀ ወይም አንድ ጊዜ የተሰፋ ሊሆን ስለሚችልም ጥቂት የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ልዩነት አያሳስብ።

8. የማይመሰክሩ ነገሮች

በገበያ ላይ ገዢን የሚያታልሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ናቸው።

ቀለም፦ አዲስ ቀለም ዕድሜን ይሸፍናል እንጂ አይቀንስም። ለምርመራ የሚጠቅመው አሮጌው ቀለም ነው። በብሎን ሥር፣ በባትሪው ማስቀመጫ ጀርባና በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ይፈለግ። ከቀዩ ሥር ግራጫ ቢገኝ ኮፈኑ ወይም ትራክተሩ የቀድሞ ዘመን ሊሆን ይችላል።

የሥራ ሰዓት ቆጣሪ፦ ገመዱ ይበጠሳል፤ ጌጁ ይለወጣል። አሮጌ ትራክተር ላይ ትንሽ ሰዓት ቢነበብ ከማስደሰት ይልቅ ማጠራጠር አለበት። ከቆጣሪው ይልቅ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል መርገጫ ምን ያህል እንደተበላ ቢታይ ይሻላል።

ጎማ፦ ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይገልጻሉ፤ 3518 ማለት የ2018 ሠላሳ አምስተኛ ሳምንት ነው። ይህ የጎማው ዕድሜ እንጂ የትራክተሩ አይደለም።

በሊብሬ ላይ ያለ ዓመት፦ ይህ በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተጻፈው ዓመት በኢትዮጵያ ነው ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር? ሁለቱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ። እንዲሁም የተመዘገበው የተሠራበት ዓመት ነው ወይስ አገር የገባበት? ሳይጠይቁ መቀበል ትራክተሩን በአንድ ቃል ስምንት ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያስወጣዋል።

9. የተለወጠ አካል መቼ ይጎዳል?

የፋብሪካ አካል የጎደለው ትራክተር ሁሉ መጥፎ አይደለም። ለእርሻ ሥራ የምንፈልገው ትራክተር እንጂ የሙዚየም ዕቃ አይደለም። የሌላ ኮፈን፣ የሌላ መቀመጫ፣ የሌላ መብራት ሥራ አያስፈታም። በሚከተሉት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦

የነዳጅ ፖምፓ፦ ፖምፓ ለሚገጠምበት ሞተር የተመጠነ ነው። ከሌላ ዓይነት ሞተር የመጣ ፖምፓ ናፍጣ ሊያበዛ ወይም የሞተሩን ፍጥነት ከልክ በላይ ሊለቅ ይችላል። በሥራ ላይ ሳያቋርጥ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ትራክተር ሲገጥም የፖምፓው መለያ ቁጥር ከሞተሩ ዓይነት ጋር ይመሳከር።

መሪና የፊት አክስል፦ በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ዘንግ ወይም የታጠፈውና ቀጥ ያለው ተደባልቀው የተሠሩበት አክስል ለሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያለው ትራክተር በዋጋ ርካሽነት ሊገዛ አይገባም።

ፍሬን፦ የግራና የቀኝ ፍሬን አንድ ዓይነት አካል ሊኖራቸው ይገባል። ካልሆነ ሁለቱን አጣምረው ሲረግጡ ትራክተሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

የጎማ መጠን፦ በአራት ጎማ በሚነዳ ትራክተር ላይ የፊቱን ወይም የኋላውን ብቻ በሌላ መጠን መለወጥ የፊት መንጃውን ያስጨንቃል፤ ጥርሱንም ይሰብራል።

10. አንድ ምሳሌ

ምስክሮቹ እንዴት እንደሚነጻጸሩ ለማሳየት ለትምህርት ያህል አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ለሽያጭ የቀረበ ማሴ ፈርጉሰን 135 አለ እንበል። ሊብሬው ላይ 1968 ይላል። ቀለሙ አዲስ ነው። የፊት አክስሉ ቀጥ ያለ ነው። የሰሌዳው ቁጥር በ4 የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ነው። የሞተር ቁጥሩ በሲ.ኢ. ጀምሮ በኬ ያልቃል። ሞተሪኖው ላይ የመጨረሻዎቹ አኃዞች 75 ይላሉ።

1968 በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን አይችልም፤ በ4 የሚጀምረው ቁጥር ከ1971 ወዲህ ነውና። 1968 ዓ.ም. ነው ብንል ግን ከመስከረም 1975 እስከ መስከረም 1976 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ ይህም ከአክስሉም ከሞተሪኖውም ጋር ይስማማል። ሞተሩ ግን የ1983 ነው። እንግዲህ ይህ በ1975 ገደማ የተሠራ፣ በኋላ ሞተሩ የተለወጠ ትራክተር ነው። የ152 ሞተር ዘግይቶ በወጣው በ240 ሞዴል ላይም ስለተገጠመ እንዲህ ያለው ልውውጥ የተለመደ ነው።

ይህ ትራክተር ይገዛ ወይስ አይገዛ? ሞተሩ ከትራክተሩ ስለሚያንስ መለወጡ ጉዳት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገር መጣራት አለበት። አንደኛ፣ የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ ምክንያቱን በሰነድ ያስረዳ፣ ያስተካክልም። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ የሞተር ዕቃ በሞተሩ ቁጥር፣ የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ዕቃ በትራክተሩ ቁጥር ይታዘዝ።

11. መዝገብ መያዝ

የተደከመበት ምርመራ በመዝገብ ካልሰፈረ የሚቀጥለው መካኒክ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ደብተር ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፦

የትራክተሩ ስም፣ ሞዴልና የተሠራበት አገር፤
የሰሌዳው ቁጥርና የሚያመለክተው ዓመት፤
የሞተሩ ዓይነት፣ ቁጥርና ዓመት፤
በካምቢዮና በኋላ አክስል ቤት ላይ የተነበበው ምልክት፤
የነዳጅ ፖምፓው መለያ ቁጥር፤
የሲሊንደር ስፋትና የፒስተን ጉዞ፣ ሞተሩ በተከፈተ ጊዜ፤
የተለወጠ አካል፣ የተለወጠበት ቀን፣ የተገኘበት ምንጭ።

ትራክተሩ ሲሸጥ ደብተሩ አብሮ ይሂድ። ታሪኩ የታወቀ ትራክተር ለገዢው እምነትን፣ ለሻጩም የተሻለ ዋጋን ያስገኛል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ ከግማሽ ቀን የበለጠ አይወስድም። የሚሠራውም በበጋ፣ ትራክተሩ ሥራ ፈትቶ በቆመበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። የእርሻ ወቅት ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ፍለጋ እኛን እንዳደረገው ያደርጋል። በመጀመሪያ መልኩን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ በመጨረሻም ብረቱን መጠየቅ፤ አራቱ ከተስማሙ መቀበል፣ ካልተስማሙ መለካት ይገባል።

እነዚያ ገበሬ ዛሬም በዚያው 165 ያርሳሉ። በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም 4.212 ብለው ጽፈውበታል። እኛም ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሰው ስለ መለዋወጫ ሲጠይቀን አስቀድመን የሞተሩን ቁጥር ሳንቀበል መልስ አንሰጥም።